ጥሻው ይመንጠር ወይስ ይቆይ? የጎጃም አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም አንድ ጥያቄ ጥለን ነበር። «በልጅነታችሁ እርሻ ዳር የምታውቁት፣ አሁን ግን ዓይናችሁ የናፈቀው አውሬ ወይም ወፍ የትኛው ነው?» ብለን። መልሱ ከየቦታው መጣ፤ ከጎጃም ግን ጎረፈ ብል ይሻላል። ቆቅ ያላችሁት ትበዛላችሁ። ሚዳቋ፣ ድኩላ፣ ጉሬዛ፣ ጥንብ አንሳ ያላችሁም አላችሁ። አንዱ አንባቢ «የቀረን ፍልፈል ብቻ ነው፣ እሱንም ውሰዱልን» ብሏል። ጨዋታው ተመችቶኛል። ብዙዎቻችሁ ግን ትዝታውን በጥያቄ አጅባችሁ ነው የላካችሁት፣ ስለዚህ ዛሬ ወደ ጥያቄዎቹ። ስም አልጠራም፣ አካባቢያችሁን ብቻ።

ከብቸና

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል። ከአባቴ የወረስኩት ማሳ ግርጌ ወንዙን ይዞ የሚሄድ ጥሻ አለ። አጋም፣ ቀጋ፣ ሁለት ዋንዛ፣ አንድ ትልቅ ሾላ። ቆቅና ጅግራ ይውልበታል። ልጆቼ ‹ይመንጠርና ጤፍ እንዝራበት› እያሉ ነዘነዙኝ። ጎረቤቴ የራሱን መንጥሮ አርሶታል። እኔ ሆዴ እሺ አላለኝም፤ ግን ለልጆቼ የምሰጠው ምክንያት አጣሁ። ደግሞ ያልታረሰ መሬት ይወሰዳል ሲባል እሰማለሁ።»

አባቴ፣ በልጆችዎ አይፍረዱ። መሬት ለጠበበው ወጣት «ለቆቅ ብለህ ተወው» ማለት «ከአንተ ቆቋ ትበልጣለች» እንደማለት ነው። ስለዚህ ወሬውን ከቆቅ አይጀምሩት። ከወንዙ ይጀምሩት።

የዚያ ጥሻ ትልቁ ሥራ ዳሩን መያዝ ነው። የአጋሙና የሾላው ሥር አፈሩን አስሮ ይዞታል። ክረምት ላይ ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ ጥሻው ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የተሸከመውን አፈርም እዚያው ያራግፋል። ጥሻው ከተመነጠረ ግን ጎርፉ የሚያቆመው ሳያገኝ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙም በተራው ዳሩን ከሥር እየቦረቦረ ይንደዋል። ከምንጣሮው የሚገኘው ትርፍ ምናልባት ሩብ ቃዳ ቢሆን ነው። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ሩቧም፣ ከሩቧ በላይ ያለው ጥሩው መሬትም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ነሐሴ ላይ ልጆችዎን ይዘው ወደ ጎረቤትዎ ማሳ ግርጌ ይውረዱ። ምንም አይናገሩ፣ ዳሩን ብቻ ያሳዩአቸው።

ሁለተኛው የአይጥ ነገር ነው። ቀበሮ፣ አነር፣ ጉጉት፣ ጭልፊት አይጥ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። የሚያርፉበትና የሚወልዱበት ጥግ ግን ይፈልጋሉ። አይጥ እንዲህ ያለ ነገር አያስጨንቃትም፤ በእርከኑ ድንጋይ መሐልና በመሬቱ ስንጥቅ ትራባለች። ጥሻው ሲጠፋ አዳኙ ይሄዳል፣ አይጧ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ የአይጥ መርዝ ግዢ ይመጣል፤ ያም ከኪስ ነው የሚወጣው።

እውነቱን ለመናገር ጥሻ ጣጣ የለውም አልልዎትም። ሾላው ጥላ ሥር ያለ ጤፍ ይቀጭጫል። ጥሻው ሰፊ ከሆነ ከርከሮ ይደበቅበታል። ይህን ደብቀን «ጥሻ ሁሉ በረከት ነው» ካልናቸው፣ ከርከሮ አንድ ሌሊት በቆሎውን የገለበጠው ዕለት ልጆቹ መጥረቢያ ይዘው ሁሉንም ጠራርገው ያወርዱታል፣ እኛም የምንለው አይኖረንም። ስለዚህ ይደራደሩ። ወንዙን የያዘው ይቆይ። ወደ ማሳው እየገፋ የመጣው ቁጥቋጦ ይቆረጥ፣ ለማገዶም ለአጥርም ይሁን። የሾላው የታች ቅርንጫፍ ይመልመል። ከዋንዛዎቹ ሥር ችግኝ በቅሎ እንደሆነ አንዱን ለትልቁ ልጅ፣ አንዱን ለታናሹ ይስጡ። የዋንዛ ጣውላ ምን እንደሚያወጣ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የራሱ ዛፍ የቆመበትን ጥሻ ማንም በቀላሉ አያስመነጥርም።

መሬት ይወሰድብኛል ያሉት ፍራቻ ከሜዳ የመጣ አይደለም። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የእርስዎ የመጠቀም መብት ነው፣ ጦም የሚያድር ማሳ ደግሞ የሰው ዓይን ይስባል። ጥሻ ግን ጦም አላደረም። ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ጋ ሄደው ቦታው የዛፍና የሣር መሬት መሆኑን ያስመዝግቡ። በአረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር የባለቤትዎም ስምና ፎቶ ስላለ አብረው ቢሄዱ ይሻላል። ሣሩን በወቅቱ ይጨዱት፣ ቀፎ ይስቀሉበት። ሰው የሚሠራበት ቦታ መሆኑ ከሩቅ ይታይ።

ቦታው ተዳፋት ከሆነማ ሌላ ክርክርም አለዎት። ገና በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲተው ብሎ ነበር። አስር ክንድ ወደ ፊት ሲሄዱ ስድስት ክንድ ሽቅብ የሚያስወጣ ማለት ነው። ገመድና ቀጥ ያለ እንጨት ካለ ልጆችዎ ራሳቸው ይለኩት።

ከእንጅባራ

«እኛ ጋ ማሳው ሁሉ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ሆኗል። ገቢው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፣ ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበስነው በከሰል ነው። ግን ጠዋት የወፍ ድምፅ ቀነሰ። አሁን ደግሞ ዛፉ እየታመመ ይደርቃል። ነቅዬ ወደ እርሻ ልመለስ ወይስ ሌላ ልትከል? እናንተ ‹ዛፍ ትከሉ› ስትሉ ኖራችሁ፣ ተክለን ደግሞ ምን አጠፋን?»

እህቴ፣ ምንም አላጠፋችሁም። እንዲያውም የፋግታ ለኮማ ወረዳና የአካባቢው ገበሬ የሠራው ነገር የሚደነቅ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፣ ከዚያ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል ይሆናል፣ ማሳውም እንደገና ጤፍ ያያል። ለኮምጣጣ አፈር ደግሞ ዲከረንስ ጥሩ እረፍት ይሰጣል። ይህን ዘዴ ገበሬው ራሱ ነው ያሳደገው። ከተማ ተቀምጦ «ባዕድ ዛፍ» እያለ የሚሰድበው ሰው ከአዊ ገበሬ ብዙ የሚማረው ያለው ይመስለኛል።

ችግሩ ሌላ ነው። ሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁሉም እኩያ ነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ወፍ የሚፈልገው ፍሬ፣ ተባይ፣ ያረጀ ግንድና ጎጆ የሚሠራበት ቀዳዳ ነው። የአራት ዓመት ዲከረንስ ውስጥ ይህ አይገኝም። በሽታውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ማሳው ሁሉ አንድ ዛፍ ሲሆን በሽታ ከገባ የሚያቆመው የለም።

ስለዚህ ነቅለሽ አትጨርሺ። የታመመውን ቶሎ ቆርጠሽ ከሰል አድርጊው፣ ከታመመ ማሳ ችግኝ አትውሰጂ። የቀረውን ከፋፍለሽ በተለያየ ዓመት ቁረጪ፣ አንዱ ባዶ ሲሆን ሌላው ቆሞ እንዲገኝ። በድንበሩና በጅረቱ ዳር ዲከረንሱን ተይውና ሌላ አስገቢበት። ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና፣ አምጃ። ቀርከሃማ የእናንተው ነው፤ እንጅባራ መንገድ ዳር ወንበርና አልጋ ሆኖ ሲሸጥ መኪና ሁሉ ቆሞ የሚገዛው። ያረጀ ዛፍ ካለሽ አንዱን አትንኪው፣ ቢደርቅም እንኳ። ጉጉት ቀዳዳ የምታገኘው እዚያ ነው።

ዘር ከየት ላምጣ ካልሽ፣ ቅርብሽ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አስቢ። በጎጃም ብዙ ቦታ ነባሩ ዛፍ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። አለቃውን አስፈቅደሽ መሬት የወደቀውን ፍሬ ልቀሚ። ዘንገና ሐይቅም ቅርብሽ ነው፣ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂና በሐይቁ ዙሪያ ያለው ጫካና የእናንተ ማሳ ጠዋት ላይ ድምፃቸው እንዴት እንደሚለያይ ራሳቸው ይስሙት።

ከደምበጫ

«ሠላም ነው? 26 ዓመቴ ነው፣ ዘመናዊ ቀፎ ይዤ ንብ ጀምሬ ነበር። ጎረቤቶቼ ማሳቸው ላይ መድኃኒት ሲረጩ ንቦቼ ቀፎው በራፍ ላይ ረገፉ። ስናገራቸው ‹ንብህን እሰር› አሉኝ። ወዴት አቤት ልበል?»

«ንብህን እሰር»! ስቄ ሳልጨርስ ነው የተናደድኩት።

መጀመሪያ መድኃኒቱን እንለየው። ገበሬው «መድኃኒት» የሚለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው የአረም ማጥፊያ ነው፣ እነ ቱፎርዲ። እሱ በአብዛኛው ንቧን በቀጥታ አይጥላትም፤ ቀለቧን ነው የሚያጠፋው። መስከረም ጥቅምት ላይ እርሻ ዳሩን ቢጫ የሚያለብሰው፣ መች የሚሉት አረም ስንት ቀፎ ማር እንደሚሞላ ታውቃለህ። በእጅ ሲታረም ከማሳው ቢወጣ እንኳ ዳር ዳሩ ይቀር ነበር። በመርጫ ሲሆን ዳሩም አይተርፍም። ሁለተኛው ፀረ ተባይ ነው፣ እሱ ገዳይ ነው። በራፍ ላይ በአንድ ቀን ከረገፉ እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው።

አቤቱታው ይቆይ። ከጎረቤት ጋር የተካሰሰ ሰው ንብ አያረባም፣ ምክንያቱም ንብ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዳ ነው የምትቀስመው፣ የአንተ ንብ የምትውለው የሁሉም ሰው ማሳ ላይ ነው። ይልቅ በዕድር ቀን ወይም ጽዋ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ በእርጋታ አንሳው። የምትጠይቀው ትንሽ ነገር ይሁን። የሚረጩበትን ቀን ከዋዜማው ይንገሩህ። እኩለ ቀን ላይ ሳይሆን ንብ ቤቷ ስትገባ፣ አመሻሽ ላይ ይርጩ። አበባ ላይ ያለ ሰብል አይረጭ። ከማሳው ዳር አንድ ሁለት ሜትር ሳይረጭ ይቅር። በእነዚህ አራት ነገሮች ማንም ሰብሉን አያጣም።

ደግሞ ባዶ እጅህን አትለምን። ኑግ የሚዘራ ጎረቤት ካለህ ንግግሩን ከእሱ ጀምር። ኑግ የራሱ አበባ ዱቄት ለራሱ አይበቃውም፣ ከሌላ ተክል ካልመጣለት ፍሬ አይይዝም፤ የምታመጣለት ንብ ናት። ባቄላም ንብ ሲበዛለት ይጠቀማል። ኅዳር ላይ ማር ስትቆርጥ ደግሞ ለአዋሳኞችህ አቅምስ። ማር የቀመሰ ጎረቤት የሚረጭበትን ቀን አይረሳም።

ያቺ ሳትረጭ የምትቀረው ዳር ለንብህ ብቻ እንዳልሆነች ልጨምርልህ። የቆቅ ጫጩት መጀመሪያ ላይ ጥሬ አትለቅምም፣ ዋና ምግቧ ተባይ ነው። እናቷም መሬት ላይ፣ ረዘም ያለ ሣር ውስጥ ነው የምትታቀፈው። ብዙዎቻችሁ «ቆቅ የት ሄደች?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። አዳኝ ጨረሳት የሚል አለ፣ ድርሻ አለው። እኔ ግን ድንበር ነው የምለው። ድሮ በሁለት ማሳ መሐል ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት ሰፊ ድንበር ነበር። በየዓመቱ አንዱ ከዚህ አንድ ፈር፣ ሌላው ከዚያ አንድ ፈር ሲገፋ ዛሬ ድንበሩ ለእግር እንኳ አይበቃም። ለድንበር የተጣላነውን፣ ሽማግሌ ያስቀመጥነውን፣ ፍርድ ቤት የተመላለስነውን ቤት ይቁጠረው። ሁለት አዋሳኞች ተስማምተው ከየራሳቸው አንድ አንድ ክንድ ቢተዉና ሰንሰል ወይም አጋም ቢተክሉበት፣ ጠቡም ይቀንስ ነበር፣ ቆቋም ትመለስ ነበር። ድንበሩን የሚገፋ ሰው አጋሙን መጀመሪያ መንቀል አለበት፣ እሱ ደግሞ በሌሊት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ጎረቤቶችህ ይህን ሁሉ ብለህ እምቢ ካሉ፣ ያኔ የቀበሌው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂድ።

ከሲናን

«መምህር ነኝ። ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበረ የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እውነት ነው ወይስ ተረት?»

እውነት ነው፣ ነበረ። አሁን የለም። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ እነሱም ባሌ፣ ስሜን፣ መንዝና ጥቂት ሌሎች ከፍታዎች ላይ ብቻ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በውርጭ አገር አይጥ ነው። አይጡ የሚኖረው ደግሞ በጓሳው ሣርና በአስታው ቁጥቋጦ መሐል ነው። ገብስና ድንች ሽቅብ ሲወጣ፣ ግጦሹም ሲበዛ፣ ጓሳው ሄደ፣ ቀበሮውም ተከተለ። ለተማሪዎችህ መንዝን ንገራቸው። ጓሳ የሚባለውን ቦታ ሕዝቡ ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ደንብ ለዓመታት ዘግቶ፣ ከዚያ በጋራ ከፍቶ ለቤት ክዳን ሣሩን እያጨደ ቆይቶበታል፣ ቀበሮውም እስካሁን አለ። ሽማግሌዎቹን ክፍል ውስጥ ጋብዛቸውና የት የት እንዳዩት በካርታ ላይ አስምራቸው። ከማንኛውም የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ፣ የደጀን ልጅ

«አባቴ ደጀን አካባቢ ገበሬ ነው። ነባሩን ዛፍ እየቆረጠ ባሕር ዛፍ ይተክላል። በስልክ ስለ ብዝኃ ሕይወት ስነግረው ‹ከተማ ገብተህ ወፍ ጠባቂ ሆንክ?› ይለኛል። እንዴት ላሳምነው?»

አባትህ ልክ ናቸው፣ አትቀየም። ባሕር ዛፍ ለገበሬ ባንክ ነው። ሰው ሲታመም፣ ልጅ ሲዳር፣ ማዳበሪያ ሲወደድ ይቆረጣል። አንተ በስልክ የምትሰጣቸው ቃል ግን ማዳበሪያ አይገዛም።

ስለዚህ «አትትከል» አትበላቸው፣ «የት እንትከል» በላቸው። ምንጭ አጠገብና ጅረት ዳር ይቅር፣ ውኃውን ይጠጣዋል። ከሰብሉ ራቅ ይበል፣ ሥሩ ማሳውን ያራቁተዋል፤ ይህን እሳቸውም ያውቁታል። ከመንገድ በላይ ያለው ጭንጫ መሬት ላይ እንደፈለጉ ይትከሉ። በምትኩ ጅረቱ ዳር ያለውን ወይራና ብሳና ይተዉልህ።

ገንዘብ ካለህ ደግሞ ሥራ ላይ አውለው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ መንግሥት ለገበሬ ኪራይ እየከፈለ የተጎሳቆለውን መሬት ከአስር እስከ አስራ አምስት ዓመት ሳያርስ በሣርና በዛፍ እንዲሸፍነው ያደርጋል። ማንም ስለ ወፍ ስብከት አልሰበከላቸውም፣ ሒሳቡን ነው ያሳዩአቸው። አንተም የቤተሰብ ውል መግባት ትችላለህ። «የዚህን ዓመት ማዳበሪያ እኔ እገዛለሁ፣ የጅረቱ ጥግ ግን አይነካ» ብለህ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

እና በስልክ አይሁን። ለፋሲካ ስትሄድ ማሳውን አብረሃቸው ዙር። ስለ ብዝኃ ሕይወት አንዲት ቃል አትተንፍስ። በልጅነታቸው የትኛው ወፍ የት ይውል እንደነበር ጠይቃቸው፣ ዝም ብለህ አዳምጥ። ከአንተም ከእኔም የበለጠ ያውቃሉ።

ከቡሬ

«ጅብ በጎቻችንን ጨረሰ። ሥጋ ላይ መርዝ አድርገን ብናስቀምጥ ችግር አለው?»

አለው። አታድርገው።

መርዙ ጅቡ ላይ አያቆምም። የሞተውን ጅብ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ ጭላት ይበላዋል፣ የጎረቤትህ ውሻ ይበላዋል፣ ሁሉም ይሞታል። ጥንብ አንሳ በመላው አፍሪካ እያለቀ ያለው በዋናነት በእንዲህ ዓይነቱ መርዝ ነው። እሱ ካለቀ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ሲሸት ይከርማል፣ ጅቡም ይበልጥ ይሰበሰባል። ደግሞ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በሕግ የተከለከለ ነው።

በረቱን አጠንክረው። ቆንጥር ወይም አጋም ወፈር አድርገህ ዙሪያውን እጠር፣ በሩን በሰንበሌጥ ሳይሆን በእንጨት ዝጋው። የሞተ ከብት መንደር አጠገብ አትጣል፣ ጅቡን የሚጠራው እሱ ነው። ሌሊት ውሻውን ፍታው። መርዙን ገዝተኸው ከሆነ ደግሞ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ አስረክብ። ወንዝ ውስጥ እንዳትደፋው።